አርብ የታሰረ ባሌስትራ

ባለፈው ሳምንት የደም ግፊት ኪኒኔን ልገዛ ጎንደር ውስጥ ከአውቶ ፓርኮ ወደ ፒያሳ በእግሬ ስወጣ፣ መንገድ ዳር አንድ መካኒክ አሮጌ ፒክአፕ በክሪክ አንስቶ ጭነት የሚሸከመውን የኋላ ባሌስትራውን ፈታትቶት አየሁ። ንጣፍ ንጣፉን ብረት አንድ በአንድ በቤንዚን እያጠበ ካርቶን ላይ ይደረድራል። እኔ ዘጠና ልደፍን ጥቂት የቀረኝ ሰው ነኝ፤ ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል፣ ጆሮዬም የሚሰማው ሲፈልግ ነው፤ አፍንጫዬ ግን እንደ ጥንቱ ነው። በቤንዚን የታጠበ ዝገት ሲሸተኝ የሱቅ ግድግዳ ተደገፍኩ። መካኒኩ በርጩማ ይዞ ሮጦ መጣ። «ምነው አባባ፣ አመመዎት?» አለኝ። ደህና መሆኔን ነግሬ ምን እንደሚሠራ ጠየቅሁት። «ባለቤቱ ብዙ ልጫንበት ስላለኝ አንድ ብረት እየጨመርኩለት ነው» አለ። ካሰርከው በኋላ በማግስቱ መልሰህ ታጠብቀዋለህ ወይ ስለው ሳቀብኝ። «እሱማ ግዴታ ነው አባባ። ይህን ሳያደርግ ሰው የሚጭን አለ እንዴ?» አለኝ። አለ። እሱ ባቀረበለት በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

ዓመተ ምሕረቱን አትጠይቁኝ። ጣሊያን ለቆ ከወጣ ወዲህ፣ እኛም ሱሪ በካውያ መተኮስ ከለመድን ወዲህ ነው። ፒያሳ ላይ ጣሊያን ሠርቶ የተዋቸው ፎቆች ቀለማቸው ገና አልለቀቀም ነበር። ሻሂ በአምስት ሳንቲም እስከ ብርጭቆው አፍ ይቀዳል፤ የሰባ ሙክት በጥቂት ብር ከገበያ ተጎትቶ ይመጣል። ዛሬ በዚያ ብር የበጉን ገመድ እንኳ የሚያስነካኝ የለም። ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ቅዳሜ ማታ የምንቆም ወጣቶች ካኪ ሱሪያችንን ጉልበቱ ላይ እንዳይሸበሸብ ብለን ከቆምንበት አንቀመጥም፤ ኮት ያለው ሰው ኮቱን በትከሻው ላይ ጣል ያደርጋል፣ እጁን እጅጌው ውስጥ አያስገባም። ለምን እንደሆነ ዛሬም አላውቅም፤ ሸጋ ይመስለን ነበር። ከመሸታ ቤቶቹ የማሲንቆ ድምፅ እስከ ግንቡ አጥር ድረስ ይሰማል፤ አዝማሪው የሚያልፈውን ሰው ሁሉ በስሙ እየጠራ ይሸነቁጣል። እኔንም «ጦጣ ጋላቢው» ይለኝ ነበር።

ጦጣ ያለው ማኪናዬን ነው። ስልክ ቤት ጸሐፊ ነበርኩ፤ ደሞዜን ለሦስት ዓመት አጠራቅሜ፣ ወደ አስመራ ከሚሄድ ጣሊያን ዳቦ ጋጋሪ አንዲት ትንሽ ማኪና ገዛሁ። ሁለት በር፣ ከፊት ሁለት ሰው፣ ከኋላ ደግሞ ጉልበታቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው የሚቀመጡ ሁለት ሰዎች ትይዛለች። ዳገት ላይ እየዘለለች ስለምትወጣ ጦጢት አልናት። በቁስቋም ሰፈር ማኪና ያለው ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህ ምን ያህል እንዳሳበጠኝ ዛሬ ሳስበው አፍራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ልስም ስሄድ እንኳ ሁለት መቶ እርምጃ የማይሞላውን መንገድ በማኪና ነበር የምሄደው።

አባቴ መሪጌታ ይባቤ ይባላሉ። በቁስቋም ደብር ድጓ ያስተምሩ ነበር፤ ተማሪዎቻቸው የኔታ ስለሚሏቸው እኛም ልጆቻቸው የኔታ እያልን አደግን። ከሰው ጋር ብዙ የማይነጋገሩ፣ ሲናገሩ ግን ቤቱ ሁሉ ዝም የሚልላቸው ሰው ነበሩ። ሁለቱን ሰንበት፣ ቅዳሜንም እሑድንም፣ እኩል ያከብራሉ። አርብ ፀሐይ ከጠለቀች በቤታችን መጥረቢያ አይነሳም፣ ሙቀጫ አይወቀጥም፣ ሚስማር አይመታም። የኔታ ሁለት ወንዶች ልጆች ነበሯቸው፤ አንዱ እኔ አስማማው፣ ሌላው ታናሼ ደስታ። ደስታ ድምፁ ያማረ ነበርና የኔታ ለደብሩ አስበውት ነበር፤ እሱ ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ሆነ። ይህንንም ሲነግራቸው ምን እንዳላቸው አላውቅም፣ ብቻ ሲወጡ ሁለቱም ይስቁ ነበር። ደስታ እንዲህ ያለ ሰው ነው። የተቆጣ ሰው ፊት ደህና አድርጎ የሚቀልድ፣ ተቆጪውም ሳያስበው የሚስቅለት። እኔ ይህ ጸጋ የለኝም፤ እቀናበትም ነበር፣ እወደውም ነበር።

ያን ዓመት ጥምቀት እንዳለፈ የደስታ ሰርግ ተቆረጠ። ሙሽራይቱ ትርንጎ የእንፍራንዝ ልጅ ናት፤ አባቷ እህል የሚነግዱ ገበሬ ናቸው። ሙሽራው በምን ይሂድ የሚለው ነገር ቤቱን ለሁለት ከፈለው። የእናቴ ወንድም አያ ቢሻው፣ ባለ በቅሎው፣ «የመሪጌታ ልጅ በበቅሎ ነው የሚሄደው። ቅዳሜ ጧት ይነሳል፣ ማክሰኝት ያድራል፣ እሑድ በሸጋ እንፍራንዝ ይገባል» አሉ። እኔ ደግሞ በጦጢት እንወስደዋለን አልኩ። «ያቺ እንቁራሪት አራት ሰው ይዛ ጠዳን አታልፍም» አሉኝ። እውነታቸውን ነበር። ከወር በፊት ሦስት ሰው ጭኜ ኮላ ድባ ደርሼ ስመለስ ጀርባዋ ጎብጦ፣ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ሆዷ ድንጋይ እየላሰ ነበር የመጣችው። ይህን ያየ ሁሉ ያውቃል። እኔም ስለዚህ ነው ባሌስትራዋን ራሴ ላጠናክረው የተነሳሁት። ለደስታ ነው እላለሁ፤ ግን ግማሹ አያ ቢሻውን ለማሳፈር ነበር።

አውቶ ፓርኮ አጠገብ አያ ታከለ የሚባሉ ሰው ነበሩ፤ በጣሊያን ጊዜ የከባድ መኪና ረዳት ሆነው የሠሩ፣ የግራ እጃቸውን ሁለት ጣት ሞተር የበላባቸው። «ሌላ ንጣፍ ጨምርበት። ግን ስፋቱ ልክ የሆነ ብረት ከየት ታመጣለህ?» አሉኝ። እኔ ከየት እንደማመጣ አውቅ ነበር። ወደ አዘዞ ሲወረድ፣ ከመንገዱ በታች ባለው ገደል ውስጥ፣ በጦርነቱ ጊዜ የጣሊያን መኮንኖችን ይዛ የወደቀች ትንሽ ማኪና ነበረች። መቀመጫዋን ጅብ በልቶት፣ በሯን ሰው ለዶሮ ቤት ወስዶት፣ የቀረው አጽሟ ቁጥቋጦ ውስጥ ይታያል። ከብት ጠባቂዎች እንኳ በዚያ በኩል አያልፉም ነበር፤ በምሳ ሰዓት ሰው ሲያቃስት ይሰማል ይባላል። ደስታና እኔ ወረድን። ባሌስትራዋን ፈትተን ስንወጣ ምንም ነገር አልሰማንም፤ ደስታ ግን እንደ ልማዱ ሲያንጎራጉር የነበረውን ትቶ ነበር የወጣው። ቤት ስንደርስ እናቴ ብረቱን አይታ «ከየት ነው?» አለች። ስንነግራት ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «የሙት ማኪና ብረት ለሙሽራ? ምነው ልጆቼ፣ ምነው?» እያለች ገባች። እኛ ሳቅን። ብረት ብረት ነው አልኳት፤ ዛሬም እንደዚያው አምናለሁ። ጥፋቱ የብረቱ አልነበረም።

ሰርጉ እሑድ ነው፤ እኛ የሠራነው አርብ ነው። ሐሙስ እሠራለሁ ብዬ ነበር፤ ስልክ ቤት ሰው ታሞ ተተካሁ። አርብ ጧት ጦጢትን ግቢያችን ውስጥ በክሪክ አንስተን፣ ከሆዷ በታች ድንጋይ ደርድረን፣ የኋላ ጎማዎቿን አወጣን። ባሌስትራን ከጎማው ብረት ጋር የሚያስሩት ከመሃል ታጥፈው በሁለት ጫፋቸው ዳዶ የሚታሰርባቸው ረጃጅም ቡሎኖች ናቸው፤ በየጎኑ ሁለት ሁለት። የዳቦ ጋጋሪው ዝገት ይዟቸው ላምባ እያፈሰስን እስከ እኩለ ቀን ድረስ ታገልናቸው። ከዚያ ንጣፎቹን ለያይተን በቤንዚን አጠብን። ያ ሽታ ነው ፒያሳ ላይ ያገኘኝ። በመካከላቸው የሚቀባ ግሪስ አልነበረንም፤ አያ ታከለ «ሞራ ይሆናል» ስላሉኝ ለሰርጉ ከታረደው በሬ ሞራ አምጥቼ አቅልጬ ቀባሁ። አርብ ቀን፣ በጾም፣ የሞራ ሽታ ከመሪጌታ ግቢ ሲወጣ ጎረቤት ሁሉ አፍንጫውን ይዞ ብቅ አለ። ደስታ በየአጥሩ እየሄደ «አልበላንም፣ አልበላንም፣ ማኪናዋ ናት ጾም የሻረች!» እያለ አሳቃቸው።

አዲሶቹን ንጣፎች ከታች አስገብተን ስናስር ቡሎኖቹ አጠሩ። ዳዶው የሚይዝበት ጥርስ ከመጨረሻው ሁለት ወይ ሦስት ብቻ ነው። ደስታ ከጎኔ በጀርባው ተኝቶ፣ ፊቱ ጥቀርሻ ብቻ ሆኖ፣ የዳዶ ማጥበቂያ ቁልፉን ከእጄ ወሰደ። «የራሴን ሰርግ ማኪና ራሴ ልሰር» ብሎ የቀኙን ጎን እሱ አሰረ። ጥርሱን ነክሶ ነበር የሚስበው፤ ክንዱ ሲንቀጠቀጥ አያለሁ። ጉልበቱን አልሰሰተም፤ ይህን ለመናገር እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት።

አመሻሹ ላይ አያ ታከለን ማኪናዋ ላይ አሳፍረን አዘዞ ደርሰን ተመለስን። ጦጢት እንደ ጎረምሳ ጀርባዋን ቀና አድርጋ ሄደች። በደስታዬ ጮህኩ። አያ ታከለ ግን አልጮሁም። ወርደው መሬት ላይ ተኝተው ዳዶዎቹን በዚያ ጎደሎ እጃቸው ዳሰሱ። ተነስተው አቧራቸውን ሳያራግፉ እንዲህ አሉኝ፦

«ስማ አስማማው። ሞራው ገና አልተጨመቀም። ብረቱም ገና አልተኛም። ሁለት ስልቻ እህል ጫንባትና ትደር። ነገ ጧት ሁሉንም መልሰህ አጥብቅ፤ አንድ አንድ ዙር ታገኝበታለህ። ይህን ሳታደርግ ሰው እንዳትጭን።»

«ነገ እኮ ቀዳሚት ነው አያ ታከለ።»

«ቡሎኑ ቀዳሚት መሆኑን አያውቀውም ልጄ። ካልጠበቀ ባሌስትራው ይንሸራተታል፣ ንጣፎቹን አንድ ላይ የሚይዘውን የመሃሉን ቡሎን ይቆርጠዋል። ከዚያ ጎማህ ወደፈለገበት ነው የሚሄደው። እኔ ነገ ኮላ ድባ ወፍጮ የተሰበረበት ሰው ይጠብቀኛል፤ ባልሄድ ራሴ አጠብቅልህ ነበር።»

እሺ አልኳቸው። ሁለት ስልቻ ጤፍ ጭኜ አሳደርኳት።

አሁን ወደዚያ ቅዳሜ ጧት ልደርስ ነው፤ ስለዚያ ጧት እውነቱን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ዳሱ ተጥሎ አልቋል። አያ ቢሻው በቅሎዋን ይዘው ገና በማለዳ መጥተዋል፤ ማንም ሳይጠራቸው ኮርቻ ጭነው፣ ግላስ አልብሰው፣ በሩ ላይ አስረዋት ዳሱ ውስጥ ከጎረቤቶቹ ጋር ተቀምጠዋል። ጦጢት ስትበላሽ ለማየት ነው የመጡት ብዬ ተናደድኩ። ደስታ በር ላይ ቆሞ ጫማውን በቀለም ይቀባል። እኔ ስልቻዎቹን አወረድኩ፣ ቁልፉን በጋቢዬ ውስጥ ይዤ ከማኪናዋ ኋላ ተንበረከክሁ። የመጀመሪያውን ዳዶ በጣቴ ብነካው ተንቀሳቀሰ። በጣቴ ነው የምላችሁ።

የኔታ ከኪዳን ሲመለሱ ደረሱብኝ።

«አስማማው፣ የያዝከው ምንድን ነው?»

«ቁልፍ ነው የኔታ። ቡሎኑን ጥቂት ላጠብቀው ብዬ ነው።»

«ዛሬ ሰንበት ነው። በዚህ ግቢ በሰንበት ብረት አይነካም!» አሉ። ድምፃቸው ለማሕሌት የተሠራ ነው፤ ዳሱ ውስጥ ያለው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ግን ወደ እኔ ጠጋ ብለው፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው ዝቅ አሉና ለእኔ ብቻ በሚሰማ ድምፅ ጠየቁኝ። «ንገረኝ እስቲ። ነፍስ አለበት? ነፍስ ካለበት ሥራው። ጌታም በሰንበት ፈውሷል፤ ጉድጓድ የወደቀ በግም በሰንበት ይወጣል። ነፍስ የሚያሰጋ ማኪና ከሆነ ግን ወንድምህን በእሷ አልሰድም፤ በቅሎዋ ይኸው ተጭናለች፣ አሁን ይነሳ።»

በቅሎዋን አየሁ። አያ ቢሻው ከዳሱ ውስጥ አንገታቸውን አስግገው ያዩኛል። ደስታ የጫማ ብሩሹን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። አለበት ብል ቁልፉን ማዞር ይፈቀድልኛል፣ ማኪናዬ ግን ትቀራለች፤ የለበትም ብል ማኪናዬ ትሄዳለች፣ ቁልፉ ግን ይቀመጣል። ሁለቱን ባንድ ጊዜ ማግኘት አልቻልኩም። ያን ያህል ቀላል ነበር፤ ለማሰብም ብዙ አልወሰደብኝም።

«ኧረ የለበትም የኔታ» አልኩ። «ለወጉ ያህል ነው።»

«እንግዲያ አስቀምጠው» ብለው ቀና አሉ፤ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫን አድርገው ገቡ።

ቁልፉን ከመቀመጫው ሥር ወረወርኩት። ማታ ሰው ሲተኛ ወይ እሑድ መንገድ ላይ አጠብቀዋለሁ ብዬ ራሴን አጽናናሁ። ማታ ግን ዳሱ ውስጥ ጭፈራ ሆነ፤ ግቢው ሙሉ ሌሊት ሰው አላጣም። አያ ቢሻው በቅሎዋን ፈትተው፣ ኮርቻውን በትከሻቸው ተሸክመው፣ ምንም ሳይሉኝ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲሄዱ ያየሁት ጀርባ ልቤን ደስ አሰኝቶት ነበር። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አሰኝቶኛል።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተነሳን። ደስታ ከፊት ከእኔ ጋር፣ ሁለቱ ሚዜዎች ከኋላ። ደስታ ነጭ ሸሚዝ፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ግራጫ ኮት ለብሷል፤ ይህን ኮት እጁን እጅጌው ውስጥ አስገብቶ ነበር የለበሰው፣ ሙሽራ ነዋ። ሴቶቹ እልል ሲሉ ጦጢት በአበባ ተሸፍና ከቁስቋም ቁልቁል ወረደች። የኔታ በሩ ላይ ቆመው በመስቀል ምልክት ባረኩን።

አዘዞን ሳናልፍ ሰማሁት። ከኋላ፣ በቀኝ በኩል፣ ጎማው ጉድጓድ ሲገባ «ቋ» የሚል ድምፅ። ጠዳ ላይ በየጉድጓዱ ሆነ። ሚዜዎቹ እየዘፈኑ እያጨበጨቡ ስለሆነ አልሰሙትም፤ ደስታ ግን ጆሮው የማሕሌት ጆሮ ነው፣ ከተቀኘበት ውጪ የሆነ ድምፅ አያልፈውም። «ይህ የሚንኳኳው ምንድን ነው?» አለኝ። «አዲስ ብረት ነው፣ እስኪለምድ ነው» አልኩት። ማክሰኝት ላይ ውሃ ልንጠጣ ቆምን። ቁልፉ እዚያው ከመቀመጫዬ ሥር ነው። ሩብ ሰዓት ይበቃኝ ነበር። ግን እሑድ ነው፤ ገበያው ሜዳ ላይ ከቤተ ክርስቲያን የተመለሰ ሰው ሁሉ ከቦን ማኪናዋን ይነካካል፤ ሚዜዎቹ ነጭ ለብሰዋል፤ እኔ ተኝቼ ቡሎን ሳጠብቅ ቢታይ ወሬው ከእኛ ቀድሞ ጎንደር ይደርሳል። የመሪጌታ ይባቤ ልጅ በሰንበት፣ የአባቱን ቃል ሽሮ፣ ብረት ነካ ይባላል፤ የኔታም «የለበትም» ያልኳቸው ውሸት መሆኑን ያውቃሉ። ደስታ እጁን በመሐረብ እየጠረገ መጥቶ «እንሂድ፣ እነ ትርንጎ ይጠብቃሉ» አለ። ሄድን።

እንፍራንዝ ሳይደርስ አንድ ቁልቁለት አለ፤ መጨረሻው ላይ መንገዱ ወደ ግራ ታጥፎ ድልድይ ይገጥማል። ዛሬ አስፋልት ነው፣ ማንም አያስተውለውም። እዚያ መታጠፊያ ላይ ያ ድምፅ ድንገት ቆመ። ዝም አለ። ያ ዝምታ ነው ከሁሉም በላይ ያስፈራኝ። ወዲያው የቀኙ ጎማ ወደ ኋላ ሸሸ፣ ጦጢት ጎኗን ዞረች፣ መሪው በእጄ ውስጥ ባዶ ሆነ። ፍሬን ረገጥኩ። ሰማዩን አየሁ፣ ከዚያ ደረቅ የወንዝ ድንጋይ አየሁ።

እኔ ክንዴ ተሰበረ። ሚዜዎቹ በመስኮቱ ተስፈንጥረው ወጥተው፣ በጭረት ብቻ ተረፉ። ደስታን በሩ ተጭኖት ነበር። ስናወጣው ኮቱ እንዳይቆሽሽ ብለን ሣር ላይ አስተኛነው፤ ሰው በእንዲህ ያለ ሰዓት ምን እንደሚያስብ አይታወቅም። ዓይኑን ገልጦ ፀሐዩን አየ። «ረፈደ እኮ» አለኝ። «ተነሱ፣ በእግራችን እንሂድ። ቅርብ ነው።» ቅርብ ነበር። የእንፍራንዝ የሰርግ ከበሮ ከዚያ ይሰማ ነበር። ሙሽራውን ሊቀበሉ የወጡት ሰዎች ሲደርሱ ሞቶ ነበር። ለሙሽሮቹ በተዘጋጀው አልጋ ተሸክመውት ገቡ። ትርንጎን አላየኋትም፤ ድምፅዋን ግን ሰማሁ፣ ስለ እሱም ሌላ አልጽፍም።

ከቀብሩ ማግስት ጦጢትን በጭነት መኪና ጎትተው አመጧት። አያ ታከለ ሊያዩ መጡ። ክንዴን በአንገቴ አንጠልጥዬ ከጎናቸው ቆሜያለሁ፤ አያ ቢሻውና ሌሎች ሁለት የሰፈር ሽማግሌዎችም ነበሩ። አያ ታከለ ተኝተው ረጅም ጊዜ ቆዩ። ሲወጡ በመዳፋቸው ላይ ለሁለት የተቆረጠው የመሃሉ ቡሎን ነበር። የቀሩትን ዳዶዎች በጣታቸው እያዞሩ፣ ቁልፍ ሳይነካቸው፣ እያወጡ መሬት ላይ ጣሏቸው።

«አላጠበቅኸውም» አሉ። «ምነው? እየነገርኩህ?»

ሁሉም አዩኝ። እውነቱ ከአፌ መውጣት የነበረበት ያን ጊዜ ነበር። ልናገር አፌን ከፈትኩ።

«የኔታ ከለከሉኝ» አልኩ። «ሰንበት ነው አሉኝ።»

አያ ቢሻው ራሳቸውን ይዘው «አዎ፣ እኔም ሰምቻለሁ። በዚህ ግቢ ብረት አይነካም ሲሉ ሰምቻለሁ» አሉ። እሳቸው ውሸት አልተናገሩም። የሰሙትን ነው የተናገሩት።

ወሬው በሳምንት ውስጥ ከቁስቋም እስከ አራዳ ደረሰ። መሪጌታ ይባቤ ለሰንበት ብለው ልጃቸውን ገደሉ ተባለ። ፊት ለፊት የሚናገራቸው የለም፤ ሰላምታ ሲሰጧቸው ግን ሰዎች ዓይናቸውን ይሰብራሉ። ሁለት ተማሪዎች ከጉባኤያቸው ወጡ። እናቴ እስክትሞት ድረስ ከእሳቸው ጋር አንድ ገበታ አልቀረበችም። የኔታ አልተሟገቱም። «ነፍስ አለበት ወይ ብዬ ጠይቄዋለሁ፣ የለበትም ብሎኛል»፤ ይህችን ብቻ ቢሉ ይበቃቸው ነበር። አላሏትም። እኔም በየዓመቱ እላለሁ እላለሁ እያልኩ፣ ጎንደርም ሰዉም ተለዋወጠ፣ እኔም አገባሁ፣ ወለድኩ፣ ጡረታ ወጣሁ። ማኪና ከዚያ በኋላ ነድቼ አላውቅም። ሰው ይህን እንደ ሐዘን ቆጥሮልኝ ያከብረኛል።

የኔታ የሞቱት እኔ አርባን ካለፍኩ በኋላ ነው። ሦስት ቀን ሲቀራቸው ሰዉን ሁሉ አስወጥተው ብቻዬን አስቀሩኝ። ዓይናቸው ጠፍቶ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልደከመም።

«ነፍስ አለበት ወይ ብዬ ስጠይቅህ» አሉ፣ «መልሱን አስቀድሜ በፊቴ አሳይቼህ ነው። አንተ ልጅ ነበርክ፣ ፈራኸኝ። አባት እንዲህ አይጠይቅም። ቁልፉን ከእጅህ ያስጣልኩት እኔ ነኝ፤ ይህን ሁሉ ዓመት አንድ ቀን አልወቀስከኝም። ልጄ፣ ይቅር በለኝ።»

አልፈራኋቸውም ነበር። በቅሎዋን ነበር የፈራሁት። እውነቱ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ እሳቸው ግን እጃቸውን ዘርግተው እየዳበሱ ይፈልጉኛል። ያጡኝ መስሏቸው ጨነቃቸው። አሁን ብነግራቸው ምን ይጠቅማቸዋል ብዬ አሰብኩ፤ ለእሳቸው ብዬ ነው አልኩ፤ እንደገና ለራሴ ነበር።

«ይቅር ብዬዎታለሁ የኔታ» አልኳቸው።

እጄን አገኙት። ወደ አፋቸው ወስደው ሳሙት፣ እንደ ካህን መስቀል ሳሙት። እኔም እስኪለቁኝ ድረስ እጄን አልነጠቅሁም።